ለጃዝ ድምፃዊት ፒያኒስትና የሙዚቃ ዳይሬክተር መሆን፦ ከምን ልጀምር?

ነጭና_ጥቁር፦

ጤና ይስጥልኝ። ከትሪዮ ጋር ፒያኖ እጫወታለሁ፤ ስታንዳርዶቹም (ሁሉም የሚጫወታቸው የታወቁ የጃዝ ዘፈኖች) ሶሎውም እምብዛም አያስቸግሩኝም። አሁን አንዲት ድምፃዊት ሲልቨር ስፕሪንግ (ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ) ለምታቀርበው የ75 ደቂቃ ዝግጅት ፒያኒስትም የሙዚቃ ዳይሬክተርም እንድሆንላት ጠይቃኛለች። ዘፈኖቹ 14 ናቸው፤ 10ሩ የአሜሪካ ስታንዳርድ፣ 4ቱ በጃዝ የሚቀናበሩ የድሮ የአማርኛ ዘፈኖች። ባንዱ ፒያኖ፣ ኮንትራባስ፣ ድራምና ቴነር ሳክስፎን ነው። ድራመሩና ሳክስፎኒስቱ አማርኛ አይሰሙም። ልምምድ ያለን ሁለት ቀን ብቻ፣ በቀን ሦስት ሰዓት።

ኪይ (ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ) የሚመረጠው እንዴት ነው? ለባንዱ በሚሰጠው የኖታ ወረቀት ላይ ምን ምን ይጻፍ? ከድምፃዊ ጀርባ ኮምፒንግ (በኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ኖታዎች ማጀብ) ማድረግ ከትሪዮው በምን ይለያል? ለዳይሬክተርነቱስ ለብቻው ይከፈላል ወይ? ይህን ሥራ ሙያ ብለው የያዙት እነማን እንደሆኑ ብትነግሩኝም እየፈለግሁ አዳምጣለሁ።

ቅንብር_ቤት፦

እህቴ፣ ከኪዩ ጀምሪ፤ ኪዩ ሳይቆረጥ የተጻፈ ኖታ ሁሉ ተመልሶ ይጻፋል።

ከባንዱ በፊት አንቺና እሷ ብቻችሁን ፒያኖ ላይ ተቀመጡ፤ ለ14 ዘፈን ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሙሉ ዘፈን አታስዘፍኛት፣ ድምጿን ትጨርሺባታለሽ። ከዜማው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ኖታ ፈልጊና እነሱ ያሉበትን መስመር ብቻ በሦስት በአራት ኪይ አስሞክሪያት። በመጻሕፍት የታተሙት ኪዮች ባብዛኛው ለመሣሪያ ተጫዋች የሚመቹ ስለሆኑ ለሴት ድምፅ አራት አምስት ደረጃ መውረድ የተለመደ ነው። ኤፍ ላይ የታተመ ዘፈን ሲ ወይም ቢ ፍላት ላይ ቢያርፍ አይግረምሽ።

ከፍተኛውን ኖታ መድረሷ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ኖታው ላይ የሚያርፈውን ቃል እይ። አልፎ ሂያጅ ኖታ ከሆነ ትንሽ ከፍ ቢልም ትወጣዋለች፤ አራት ምት ተይዞ የሚቆይና አናባቢው «ኢ» ወይም «ኡ» ከሆነ ግን ጉሮሮ ይጠብና ድምፁ ይቀጥናል። «አ» ሲሆን ያው ኖታ ይቀላታል። ብዙ ሴት ድምፃውያን ከመካከለኛው ሲ በላይ ባለው ኤ እና በቀጣዩ ሲ መካከል ከደረት ድምፅ ወደ ራስ ድምፅ ይሻገራሉ። የዘፈኑ ጫፍ እዚያው መሻገሪያ ላይ ከወደቀ በግማሽ ድምፅ ማውረድ ወይም ማውጣት ዘፈኑን ሌላ ያደርገዋል። በታች በኩል ደግሞ ማይክ አለ ብለሽ አትተማመኚ፤ ዝቅተኛው ኖታ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መስመር መነሻ ነው፣ እሱ በባስና በድራሙ ብሩሽ ድምፅ ከተዋጠ አድማጭ የዘፈኑን መግቢያ ቃል አይሰማም።

ጠዋት ድምፅ ወፍራም ነው፤ ጠዋት የተመረጠ ኪይ ማታ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ዝግጅቱ በሚቀርብበት ሰዓት አካባቢ፣ ድምጿ ከሞቀ በኋላ ምረጡ። ከመለያየታችሁ በፊት ከባዶቹን ሁለት ሦስቱን እንደገና አስሞክሪያት፣ ድምጿ ደክሞም ከወጣቻቸው ኪዩ ትክክል ነው።

ሳክስፎኑንም አስቢበት። ቴነር ከፒያኖው አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ይጻፍለታል። ለእሷ በቢ ፍላትና በቢ መካከል ልዩነት ከሌላት ቢ ፍላትን ውሰጂ፤ ቴነሩ በሲ ያነብባል። ቢ ካደረግሽው በአምስት ፍላት ነው የሚጫወተው፤ በሁለት ቀን ልምምድ ደግሞ ያ በሶሎው ላይ ይታያል።

ወደ ኖታው ስንመጣ፣ በአንድ መስመር አራት ባር፣ ክፍሉ ሲቀየር አዲስ መስመር፣ የክፍሉ ፊደል በሳጥን። ላይ በግራ በኩል ስታይሉና ቴምፖው በቁጥር ይቀመጥ፣ ለምሳሌ «ሚዲየም ስዊንግ 126»። «ቀስ ያለ» ብሎ መጻፍ አራት ሰው አራት ዓይነት ቴምፖ እንዲያስብ መጋበዝ ነው። በየክፍሉ መጀመሪያ የግጥሙን ሁለት ቃል ከታች አስገቢ። አማርኛ ለማይሰሙት ደግሞ አራቱን ዘፈኖች በላቲን ፊደል አጻጻፍ ጻፊላቸው፤ ትርጉሙን ባያውቁም ቃሉን በጆሮ ይይዙታል። ከሶሎ በኋላ ከየት እንደምትገባ ሳይጻፍ የቀረ ኖታ ብዙ ዝግጅት አበላሽቷል፦ ከመጀመሪያው ነው ወይስ ከብሪጁ (ከመካከለኛው ክፍል)? ሶሎውን ማን ይወስዳል፣ ሙሉ ዙር ነው ግማሽ? መዝጊያውም ሙሉ በሙሉ ይጻፍ። «እዚያ ስንደርስ በጆሮ እንጨርሳለን» የሚባለው መዝጊያ አራት የተለያየ መዝጊያ ሆኖ ነው የሚወጣው። ከሦስት ገጽ አይብለጥ፤ ሦስቱ ጎን ለጎን በፕላስተር ይያያዙ፣ በዘፈን መሃል ወረቀት የሚገልጥ እጅ የለም።

ልምምዱን እንደሚከተለው ብትከፍይው ይበጃል። በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያዋን ሰዓት ድምፃዊቷ አትምጣ፤ ባንዱ የ14ቱን መግቢያ፣ መሸጋገሪያና መዝጊያ ብቻ ይምታ። መሃሉን ጥሩ ሙዚቀኛ አንብቦ ይጫወተዋል፤ የሚበላሸው ጫፍ ጫፉ ነው። የቀሩት ሁለት ሰዓቶች ከሷ ጋር፣ አራቱ የአማርኛ ዘፈኖች ቀድመው። ሁለተኛው ቀን በዝግጅቱ ቅደም ተከተል፣ ሳይቆም፣ የተሳሳተውን እየመዘገብሽ፤ ከዚያ የመዘገብሽውን ብቻ።

ማይክ_ያዥ፦

ከዘፋኝ ወንበር ደግሞ ልጨምር። መግቢያው ስምንት ባር ይሁን አራት፣ የመጨረሻው ኮርድ ውስጥ መነሻ ኖታዬ ከሌለ ምን ልያዝ? ኖታውን ደጋግሞ እንደ ደወል መምታት ግን አድማጭ ፊት ያሳፍራል። በመጨረሻው ባር ከላይኛው ድምፅ ላይ አስቀምጪልኝ፣ ይበቃኛል።

በሩባቶ (ምት ሳይጠበቅ በነፃ በሚዘፈንበት ቦታ) ላይ ቃሉ ሳይወጣ ኮርዱን አትምቺ። ቃሉ ከተነባቢ ይጀምራል፣ ድምፁ የሚያርፈው አናባቢው ላይ ነው፤ ኮርዱም አብሮ እዚያ ይረፍ። ትከሻና አገጭ ብታይ ትንፋሹ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቃል፤ ስለዚህ ፒያኖው መድረኩ ላይ ሲቀመጥ የድምፃዊቷ ጎን እንዲታይሽ አድርጊ። ጀርባዋን ብቻ እያየሽ ሩባቶ ማጀብ አይቻልም።

ከሩባቶ ወደ ምት የሚገባበት ቦታ አንድ ቃል ላይ ይቆረጥ። «እዚህ አካባቢ» አይሠራም። ከዚያ ቃል በፊት ያሉትን ሦስት አራት ቃላት እኔ ራሴ በምቱ እዘፍናቸዋለሁ፣ ድራመሩ ቴምፖውን ከእኔ ይወስዳል። ፒያኖ በዚያ ላይ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ቢቆጥር ስሜቱን ይቆርጠዋል።

ግራ_እጅ፦

ኮምፒንግ ላይ። ትሪዮ ውስጥ ዜማው ያንቺ ነው፤ አሁን ዜማው ባለቤት አለው። ዜማውን አብረሽ በቀኝ እጅሽ አትምቺ። እሷ ኖታውን ትንሽ ዘግይታ ልታስቀምጠው ትፈልጋለች፣ አንቺ በሰዓቱ ስትመቺው የዘገየችው የተሳሳተች ያስመስላታል። ሐረጉ እስኪያልቅ ድረስ ኮርዱን አጭርና መሃል ላይ ያዢ፣ መሙላት የምትችይው ስትተነፍስ ነው። እዚያም ቢሆን ሁልጊዜ አይሞላም። አራት ክፍተት ካለ ሁለቱን ለሳክስፎኑ፣ አንዱን ለዝምታ ተዪ።

ድምፃዊት ከቶን የወጣች ሲመስል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፒያኖው ነው። ዜማው ሲ ላይ እያለ አንቺ ሲ ሜጀር 7 ይዘሽ ቢውን ከላይ ካደረግሽው በግማሽ ድምፅ እየተጋጫችሁ ነው። በዚያ ቦታ ሲ 6/9 ይያዝ። ጂ7 ላይ ኢ እየዘፈነች ኢ ፍላት ያለበት ኮርድ ብትመቺም ያው ነው፤ ኤ ስትዘፍን ኤ ፍላት ብታስገቢም ያው ነው። ለሶሎ የሚያምሩት የተለወጡ ኮርዶች ዜማው የቱ ኖታ ላይ እንዳለ ሳይታይ አይገቡም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በኖታሽ ላይ ከኮርዱ በላይ ዜማውን በትንሹ ጻፊ፤ የምትጠራጠሪበት ቦታ የኮርዱን ሦስተኛና ሰባተኛ ኖታ ብቻ ያዢ። ሁለት ኖታ ነው፣ ከማንም ጋር አይጣላም።

ኮንትራባስ ስላለ ግራ እጅሽ ሩቱን (የኮርዱን መሠረት ኖታ) ይልቀቀው። ሁለታችሁም ታች ከሆናችሁ ድምፁ ጭቃ ይሆናል፣ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ የሚቀንሰው ፒያኖውን ነው። ከባስ ውጪ አንቺና እሷ ብቻ የምትሠሩት ዘፈን ካለ (በ75 ደቂቃ ውስጥ አንድ ቢኖር ጥሩ ነው) ያኔ ግራ እጅ ይመለሳል፦ በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ሩት፣ እጅሽ ከደረሰ ከአሥረኛው ኖታ ጋር። ፔዳሉን ቀንሺ። አድማጭ ቃል ሊሰማ ነው የመጣው።

ቴምፖ ስትቆጥሪ የመጀመሪያውን መስመር ሳይሆን ቃል የሚበዛበትን መስመር በልብሽ ዘፍኚው፤ ብዙ ጊዜ ብሪጁ ነው። እዚያ ቃሉ የማይጨናነቅበት ቴምፖ ትክክለኛው ነው። መድረክ ላይ ደም ይሞቃል፣ ሁሉም ነገር ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሜትሮኖም ስልክሽ ላይ ይብራ፣ ድምፁ ግን ይጥፋ።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

ድምፃውያንን ማጀብ ሙያ ስላደረጉት ፒያኒስቶች ለጠየቅሽው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቶሚ ፍላናጋንን ስሚ። የዲትሮይት ልጅ ነው፤ በ1956 ከሶኒ ሮሊንስ፣ በ1959 ከጆን ኮልትሬን ጋር የቀረጻቸው ሸክላዎች የጃዝ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። እንደዚያ ያለ ሶሎይስት ከ1963 እስከ 1965፣ ከዚያም ከ1968 እስከ 1978 የኤላ ፊትዝጀራልድ ፒያኒስት ሆኖ ሠራ። ከ1978 በኋላ በራሱ ትሪዮ ነው የታወቀው። ከኤላ ጋር ያለውን ስትሰሚ ጣቶቹ ምን ያህል ኖታ እንደሚተዉ ቁጠሪ፤ መምታት የሚችለውን እያወቅን የሚተወውን ነው የምንሰማው። ከሱ በፊት በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃንክ ጆንስ በዚያው ወንበር ነበር። ኤላ ከኤሊስ ላርኪንስ ጋር በ1950 እና በ1954 በፒያኖና በድምፅ ብቻ የቀረጸቻቸው ደግሞ ለግራ_እጅ ምክር የተሻለው ማስረጃ ናቸው።

የዳይሬክተርነቱን ሥራ ለማየት ራልፍ ሻሮን። ለንደን ተወልዶ አሜሪካ የገባ፣ ከ1957 ጀምሮ ከቶኒ ቤኔት ጋር፣ በመሃል ቢለያዩም እስከ 2002 ድረስ። ስለ ሳን ፍራንሲስኮ የተዘፈነችውን የቤኔትን ዘፈን ያገኛት እሱ ነው። ደራሲዎቹ የሰጡትን ወረቀት ሸሚዝ የሚያስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ወርውሮት ነበር፤ በ1961 ለጉዞ ሻንጣ ሲያዘጋጅ አገኘው፣ በ1962 ተቀረጸ። የሙዚቃ ዳይሬክተር ለድምፃዊው የሚሆነውን ዘፈን ከክምር ውስጥ የሚያይ ሰውም ነው።

ኖርማን ሲሞንስ በ1960ዎቹ ከካርመን ማክሬ፣ ኋላ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከጆ ዊሊያምስ ጋር። ካርመን ራሷ ፒያኒስት ስለነበረች ከጀርባዋ መቀመጥ ቀላል አልነበረም። ማል ዋልድሮን ከ1957 እስከ 1959 የቢሊ ሆሊዴይ የመጨረሻ ፒያኒስት። ድምፃዊቷ ቤቲ ካርተር ደግሞ ወጣት ፒያኒስቶችን እየወሰደች ታሠለጥን ነበር፤ ጆን ሂክስ፣ መልግሩ ሚለር፣ ቤኒ ግሪን፣ ሳይረስ ቼስትነት፣ ጃኪ ቴራሶን ሁሉ በሷ ባንድ ያለፉ ናቸው። ቴምፖ እንዴት እንደሚዘገይና ሳይወድቅ እንደሚቆይ ከሷ ቀረጻ በላይ የሚያስተምር አላውቅም።

በእኛ በኩል ነገሩ የተለየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ድምፃዊው የራሱን ፒያኒስት ይዞ ይዞራል፤ አዲስ አበባ ግን ባንዱ ነው ቋሚው፣ ድምፃውያን ይፈራረቁበታል። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ላይ እንደዚያ ነበር፤ አይቤክስና ከሱ የወጣው ሮሃ ባንድ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ያጀቧቸው ድምፃውያን ብዛት ለዚህ ምስክር ነው። ግርማ በየነ ፒያኒስትም አቀናባሪም ድምፃዊም ስለነበር የቅንብሩን ቦታ ለድምፅ እንዴት እንደሚከፍት ከሱ መማር ይቻላል። እሱና ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ጋር አሜሪካ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ አንቺ ያለሽበት አካባቢ የዚህ ታሪክ አካል ነው።

ቤዝ_መስመር፦

አራቱን የአማርኛ ዘፈኖች በተመለከተ። ቅኝቱን ሳትለዪ ኮርድ አታስቢ።

ትዝታ ሜጀር በሲ ላይ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። እዚህ ውስጥ ኤፍም ቢም የሉም። የጃዝ ፒያኒስት እጅ ግን ወዲያው ዲ ማይነር 7፣ ጂ7፣ ሲ ይላል፣ ሁለቱንም ያስገባል፤ ያኔ ዘፈኑ ስታንዳርድ ይሆናል፣ ትዝታነቱ ይጠፋል። በአራተኛ የተደረደረ ኮርድ ሞክሪ፦ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ ከታች ወደ ላይ። አምስቱም የቅኝቱ ኖታዎች ናቸው፣ ድምፁም ጃዝ ነው። ትዝታ ማይነር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) ደግሞ ሙሉ በሙሉ ኤ ፍላት ሜጀር 7 ሻርፕ 11 ውስጥ ይገባል። እሱንና ሲ ማይነር ከ9 ጋር ብታፈራርቂ ረጅም መንገድ ያስኬድሻል።

አምባሰል (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) ላይ ሲን ታች ያዢና ከላይ ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር 7 ሻርፕ 11። ባቲ ማይነር (ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት) አደገኛ ነው፤ ሳክስፎኒስቱ ኖታዎቹን ሲያይ ብሉዝ መስሎት ኢውንም ጂ ፍላቱንም ያመጣል። ሶሎው ውስጥ አምስቱን ኖታ ብቻ እንዲጫወት ኖታው ላይ ጻፊለት። አንቺሆዬ (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ) ላይ እኔ ብሆን ኮርድ አልፈልግም፤ ሲ ታች ይቆይ፣ ከላይ ሁለት ሁለት ኖታ ይበቃል።

ሌላው፣ የእኛ ድምፃውያን ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ኖታ እያንሸራተቱ ነው የሚያርፉበት፤ በፒያኖው ልኬት ላይ ሁልጊዜ አይቀመጡም። እሷ የምታንሸራትተውን ኖታ አንቺ አብረሽ አትያዢ። ከኮርዱ አውጪው፣ ለሷ ተይው።

ምቱ 6/8 የሆነ ችክችካ ካለ ድራመሩ እንደ ጃዝ ዋልዝ በሦስት ሊቆጥረው ይችላል። ከልምምዱ በፊት ቀረጻውን ላኪለትና ሁለት ትልልቅ ምት ቆጥሮ እያንዳንዷን ለሦስት እንዲከፍል ንገሪው። ኖታው ላይ «በ2 ይቆጠር» ብለሽ ጻፊ። በሦስት ከተቆጠረ የሚያጨበጭበው ሰው ሁሉ ከባንዱ ይለያል።

ነጭና_ጥቁር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ቦታው ላይ ያለው እውነተኛ ፒያኖ ሳይሆን 88 ቁልፍ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። በዕለቱ ድምጿ ደክሞ «በግማሽ ዝቅ አድርጊልኝ» ብትል ትራንስፖዝ ቁልፉን (የፒያኖውን ድምፅ በሙሉ ወደ ሌላ ኪይ የሚያዛውረውን) ልጠቀም? ሁለተኛ፣ ግጥም ቢጠፋት ወይም ስምንት ባር ዘላ ብትገባስ?

ቤዝ_መስመር፦

ትራንስፖዙን ተዪው። ዓይንሽ ዲ ያያል፣ ጆሮሽ ዲ ፍላት ይሰማል፣ ለእኔ ዲ ብለሽ ትጮሂብኛለሽ። ቀጣዩ ዘፈን ላይ መመለሱን ብትረሺ ደግሞ መግቢያውን በግማሽ ድምፅ ስተሽ ትጀምሪና ድምፃዊቷ እሱን ይዛ ትገባለች፤ ባስና ሳክስፎን በሌላ ኪይ ይቀበሏታል።

ግራ_እጅ፦

እኔ ያን ያህል አልከለክልም። ለዕለቱ ድንገተኛ ነገር ነው፣ በአንድ ዘፈን ብቻ፣ ባስና ሳክስፎን ግማሽ ድምፅ መውረድ እንደሚችሉ አስቀድመሽ ከጠየቅሽ። ዘፈኑ እንዳለቀ ጭብጨባው ሳይቆም ወደ ዜሮ ይመለስ። የተሻለው ግን ከወዲሁ የሚያሰጉትን ሦስት ዘፈኖች በሁለት ኪይ ጽፎ መያዝ ነው፤ የኖታ ሶፍትዌር ላይ የደቂቃ ሥራ ነው፣ የሳክስፎኑም አብሮ ይወጣል። ኪዩን ገጹ ላይ በትልቁ ጻፊ፣ አለዚያ አንዱ አሮጌውን ያወጣል።

ኪይን መድረክ ላይ በጣት ማሳየት ይቻላል፦ ጣት ወደ ታች ፍላት፣ ወደ ላይ ሻርፕ። ሦስት ጣት ወደ ታች ኢ ፍላት፣ ሁለት ወደ ላይ ዲ። ጭንቅላትን መንካት «ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ እንመለስ»፣ የተጨበጠ እጅ «እንጨርስ»። ከልምምዱ በፊት ሁሉም በአንድ ቋንቋ መሆናቸውን አረጋግጪ።

የሒሳብ_መዝገብ፦

ስለክፍያው ማንም አልመለሰም፤ ይሉኝታ ነው መቼም። አራት ሥራ ነው የተሰጠሽ፦ ኪይ መምረጥና ዝግጅቱን መቅረጽ፣ 14 ኖታ መጻፍ፣ ልምምድ መምራት፣ መጫወት። ለመጫወት ብቻ የሚከፈለው ለሌሎቹ ሦስቱ አይሆንም። ኖታው በዘፈን ይቆጠር፤ ያለውን ኪይ ቀይሮ መጻፍ አንድ ዋጋ፣ መግቢያና መዝጊያ ፈጥሮ ከሳክስፎን ክፍል ጋር ማቀናበር ሌላ ዋጋ። ልምምድም በሰዓት። ለማነጻጸሪያ፣ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር በቀረጻ ስምምነቱ ለመሪው የጎን ተጫዋቹን እጥፍ ያስቀምጣል፤ እሱም ቅንብሩን ሳይጨምር ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያጣላው ግን የኖታው ባለቤትነት ነው። እሷ ሙሉ ዋጋ ከከፈለች ኖታዎቹ የሷ ናቸው፣ ሌላ ፒያኒስት ይዛ ብትጫወትባቸው ቅሬታ አይኖርም። በቅናሽ ከጻፍሽላት ያንቺ ናቸው፣ አንቺ ስትጫወቺ ብቻ ነው የሚወጡት። የትኛው እንደሆነ ቴሌግራም ላይም ቢሆን በጽሑፍ ተግባቡ። የባንዱን ክፍያ ማን እንደሚከፍልና መቼም እንደዚሁ፤ ዳይሬክተሩ ሙዚቀኛ ከጠራ፣ ሙዚቀኛው ገንዘቡን የሚጠይቀው ዳይሬክተሩን ነው። ዝግጅቱ ቢሰረዝ የኖታው ዋጋ እንደማይመለስም አብሮ ይጻፍ።

ቅንብር_ቤት፦

ለሁለተኛው ጥያቄሽ። ኤላ በ1960 በርሊን መድረክ ላይ ግጥም ጠፍቷት ከራሷ እየፈጠረች ስትዘፍን የፖል ስሚዝ ኳርቴት ቅርጹን አልለቀቀም፤ ለዚህ ነው መፍጠር የቻለችው። ግጥም ከጠፋት አንቺ አትፈልጊላት፣ ኮርዱን ቀለል አድርገሽ በግልጽ ያዢ፣ የቀጣዩን መስመር መነሻ ኖታ ከላይ ስጫት። አብዛኛውን ጊዜ ቃሉ ከኖታው ጋር ይመለሳል።

ዘላ ከገባች ግን ቅርጹ ያለበት እሷ ያለችበት ነው። «ተሳስተሻል» የሚል ፊት አታሳዪ፣ እስክትደርሱ ድረስ ጠብቀሽም አታስተካክዪ፤ ወዲያው ዝለዪ። የክፍሉን ፊደል ለባሲስቱ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጥሪ፤ ባስ ከሄደ ድራሙና ሳክስፎኑ ይከተላሉ፣ ባስ ከቀረ ማንም አይከተልም። ዝላዩ ግማሽ ባር ላይ ከሆነ የአዲሱን ክፍል ዶሚናንት ኮርድ (ወደ ክፍሉ የሚመራውን) አንዴ ጠንከር አድርገሽ ምቺው፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል።

ለዚህም ሲባል ባሲስቱ በግራሽ በኩል፣ ግራ እጅሽንና ኖታሽን ማየት የሚችልበት ይቁም። ሳውንድ ቼክ ላይ የድምፃዊቷ ሞኒተር (መድረክ ላይ የምትሰማበት ድምፅ ማጉያ) ውስጥ በመጀመሪያ ፒያኖው ይግባ፣ ከዚያ ድምጿ፣ ባስ በጥቂቱ። ድራም አያስፈልጋትም፤ ከኋላዋ ነው፣ ትሰማዋለች።